መስታወት ያነሰው አዳራሽ

ፋሲል ግቢ ገብቶ የሚወጣ ሰው የሚያስታውሰው ድንጋይ ነው። ግንቡን፣ ቅስቱን፣ ደረጃውን። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ነገሥታቱም በባዶ ድንጋይ መሐል የኖሩ ይመስለናል።

በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ግን ሌላ ነገር ጽፏል። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ዳግማዊ ኢያሱ (1730–1755) ያስጌጡት የእንግዳ መቀበያ አዳራሽ ነበር። ግድግዳው ከወለሉ አራት ጫማ ያህል ከፍ ብሎ በዝሆን ጥርስ ተለብጧል። ከዚያ በላይ የቬኒስ መስታወት በሦስት ረድፍ ተደርድሯል፤ ክፈፉ ወርቅ የተቀባ መዳብ ነው። መስታወቱ ብሩስ ራሱ በመጣበት በሊማሊሞ ዳገት በኩል ከመጣ፣ ስንቱ ሳይሰበር እንደደረሰ አስቡት። አዳራሹም ሳያልቅ ቀረ። ምክንያቱ? መስታወት አነሰ።

ከሠራተኞቹ መካከል ከሰምርኔስ ሸሽተው የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። እኛም «ፈረንጅ ሠራው» ማለት ይቀናናል። ብሩስ እጅግ ያደነቀው ጣሪያ ግን የቤተ እስራኤል ሥራ ነው፦ ሸምበቆ ሰንጥቀው፣ ቀለም ቀብተው፣ በሞዛይክ ቅርጽ የደረደሩት። የውጭ ዕቃ ሲጎድል ግድግዳው ሳያልቅ ቀረ፤ በአገር ሸምበቆ የተሠራው ጣሪያ ግን የጎብኚውን ዓይን ያዘ። እነዚህን እጆች ነው «ቡዳ» ስንል የኖርነው።

ኢያሱን ዘመናቸው አልማራቸውም። ብሩስ እንደሚለው ዘመቻ ትተው ቤት ማስጌጥ ላይ ተጠመዱ ተብሎ ተቀለደባቸው፤ «ትንሹ ኢያሱ» ተባሉ። በ1744 ስናር ላይ ዘመቱና ተሸነፉ። ለእኔ ከዚያ ዘመቻ ይልቅ ያ ጣሪያ ይበልጣል። ከሞቱ በኋላ ግን ባለሙያዎቹን የሚያስታውስ ጠፋ፤ ኮርቻና ልጓም፣ ጎራዴ ማስጌጥ ላይ ወደቁ። መስታወቱ አንድ በአንድ ረገፈ። የመጨረሻዎቹ በ1771፣ ከሰርባኩሳ ጦርነት በኋላ፣ ብሩስ እያየ ተሰባበሩ።

ግንቦቹ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ስለ እድሳታቸውም ስንከራከር ወሬያችን ሁሉ ስለ ድንጋይና ስለ ኖራ ነው። ያንን ሸምበቆ የሰነጠቁት ወገኖች ልጆች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ከከተማው አጠገብ ወለቃ ላይ ዛሬም ለቱሪስት የሸክላ ምስል ይሸጣል። ስለ ጣሪያው የሚናገር አንድ ሰሌዳ በግቢው ቢቆም ምን ያህል ያስወጣል?