ባዶ እጅ ለመሮጥ

በእኛ አገር ባዶ እጅ ነውር ነው። አራስ ጥየቃ ባዶ እጅ አይገባም፤ ዘመድ ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ከገበያ ባዶ እጁን የተመለሰ አባወራ ከልጆቹ ዓይን ዓይኑን ያሸሻል። ባዶ እጅን እንደ ጸጋ የሚቆጥረው ሯጭ ብቻ ነው። እጁ ባዶ ሲሆን ትከሻው ይላላል፣ ትከሻው ሲላላ ትንፋሹ ይሰፋል። ችግሩ የከተማ ሯጭ ባዶ እጁን ከቤት መውጣት አለመቻሉ ነው።

ማልዶ ከልደታ እስከ ጦር ኃይሎች፣ በከተማው ባቡር ሐዲድ ግራና ቀኝ የሚሮጠውን ሰው አስተውሉት። በአንድ እጁ ሃይላንድ፣ በሌላው ስልክ። (ሃይላንድ የአንድ ውኃ ስም ነበር፤ ውኃው ከገበያ ቢጠፋም ስሙን ለፕላስቲኩ አውርሶት ሄደ። በ1990ዎቹ ቱሪስት ባለፈ ቁጥር “ሃይላንድ! ሃይላንድ!” እያሉ ባዶውን የሚለምኑ የገጠር ሕፃናትን የሚያስታውስ ያስታውሳል።) ልደታ እንግዲህ ሸክም የለመደ ሰፈር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ያደረገው ከዚሁ ከልደታ ሜዳ ነበር። ያኔ የመንገደኛ ሻንጣ ይመዘንበት የነበረ ሰፈር፣ ዛሬ ሯጩ ግማሽ ሊትር ውኃ የት እንደሚያኖር ይጨነቅበታል።

ጭንቀቱ አዲስ አይደለም። ከስልክ በፊት መልእክት ራሱ በሰው እግር ይሮጥ ነበር። የቀድሞው መልእክተኛ ደብዳቤውን በእጁ አይጨብጠውም፣ በብብቱም አይወሽቀውም፤ ጫፉ በተሰነጠቀ ዘንግ መሐል ሰክቶት ዘንጉን ከፍ አድርጎ ይዞ ይሄዳል። ጥበቡ ቀላል ነው። ወረቀትን የሚያጠፋው ላብ ነውና ከገላ ይርቃል፤ ከሩቅ ያየውም ሁሉ ሰውየው የሰው አደራ እንደያዘ ያውቃል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የስልክ ሽቦ ሲዘረጋ፣ መልእክተኛው ከሩጫ የሚያርፍበት ቀን ተቃረበ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1991 ዓ.ም.፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ አገራችን ገባ፤ ሽቦው ያሳረፈውን ሰው ስልኩ መልሶ ተሸካሚ አደረገው። የሚገርመው፣ ዘንጉ የፈታውን የላብ ችግር ዛሬ የምንፈታው ስልኩን በፌስታል በመጠቅለል መሆኑ ነው።

ሸክም በሯጭ ገላ ላይ ምን እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ የኃይሌ ገብረ ሥላሴን ግራ ክንድ ይመልከት። አርሲ፣ አሰላ አካባቢ ያደገው ኃይሌ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት፣ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ቤት ይሮጥ ነበር፤ ደብተሮቹን በግራ ክንዱ አቅፎ። ልጁ አድጎ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲያጠልቅ ደብተሩ የለም፤ ክንዱ ግን እንደታጠፈ ነው። መስከረም 18 ቀን 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብርም ያ የተማሪ ክንድ አብሮት ነበር። ድሮ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ ገጸ ባሕርይ ያለፈ ሕይወቱን ሳይናገር እንዴት እንደሚናገር ለማስረዳት ስንት ሰዓት እደክም ነበር! ይህን ክንድ ማሳየት በበቃ።

እንግዲህ ደብተር እንዲህ ካደረገ ውኃ ምን ያደርጋል? ግማሽ ሊትር ውኃ ግማሽ ኪሎ ነው። ሯጭ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዱን እጁን ወደ 5 ሺህ ጊዜ ያወዛውዛል። ያን ሁሉ ጊዜ ግማሽ ኪሎ የጨበጠ ጡንቻ መጀመሪያ ክንዱን፣ ቀጥሎ ትከሻውን፣ ኋላም አንገቱን ያስይዘዋል። ሙሉ ጠርሙስ ዝም ይላል፤ የጎደለ ጠርሙስ ግን እንደ ባለጌ እንግዳ ይንቦጫቦጫል። ስለዚህ የሚያውቁት ከጠጡ በኋላ ፕላስቲኩን ጨምቀው አየሩን አስወጥተው ይከድኑታል። ስልኩንም ክንድ ላይ ከማሰር ወገብ ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ ገላ ላይ አጥብቆ መያዝ ይሻላል፤ ሲሮጡ ከሌላው አካል ይልቅ የሚረጋው እሱ ነውና።

ይህንን ደግሞ እናቶቻችን ያውቁታል። ስፖርት ቤት ውስጥ በውድ ዋጋ የሚሸጠው የሯጭ ቀበቶ ከመቀነት በምን ይለያል? መቀነት ወገብን ያጠብቃል፣ ሳንቲም ይቋጠርበታል፣ ቁልፍ ይታሰርበታል፣ ሁለቱን እጅ ለሥራ ነፃ ይለቃል። እኔ ብሆን ዶርዜ ሸማኔ ዘንድ ሄጄ ሁለት ኪስ ያለው አሠራ ነበር።

የዓለም ታላላቅ ሯጮች ግን ይህ ሁሉ አያሳስባቸውም፤ የሚሸከምላቸው አለ። እርግጥ መጀመሪያ ላይ ውኃ መጠጣት ራሱ እንደ ድክመት ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 ሴንት ሉዊስ ላይ አዘጋጆቹ የውኃ ጥም በሰው ላይ የሚያደርገውን ለማየት ሆን ብለው ውኃ ነፈጉ፤ ከ32 ሯጮች የጨረሱት 14 ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. የ1953ቱ ዓለም አቀፍ የአትሌቲክስ ደንብም ከ15 ኪሎ ሜትር በፊት መጠጥ አይቀርብም፣ ሯጩም የራሱን ይዞ አይሮጥም ይል ነበር። አበበ ቢቂላ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ማራቶን ገና እንዲህ ነበር። የዚያን ሌሊት መንገዱ ጨለማ ነው፤ ችቦ ይዘው ያበሩለት የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። የአሁኑ ደንብ ውኃን ከመነሻው ይዞ ወይም ከተፈቀደ ጣቢያ ተቀብሎ መሮጥን ይፈቅዳል፤ ስልክን ግን እንደ ሕገወጥ እርዳታ ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በርሊን ላይ ኬንያዊው ኤሉድ ኪፕቾጌ ክብረ ወሰን ሲሰብር አንድ ጀርመናዊ ፈቃደኛ በብስክሌት እየቀደመ ጠርሙስ ያቀብለው ነበር። ኪፕቾጌ የሚጠጣውን ይጠጣል፤ ባዶውን ይወረውራል። እጁ ነፃ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደኝ። ውኃ መያዝን “ምቹ” ማድረግ የሚያሳስበን ግማሽ ሊትር ለያዝነው ነው። በ1888 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ የመቀሌውን የኢጣሊያ ምሽግ ከውኃው ምንጭ ቆርጠው በጥም አስለቅቀዋል፤ ዓድዋ ላይ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ገንቦ ሞልተው ለተዋጊውና ለቁስለኛው አጠጥተዋል። የዚያን ቀን የሮጠውን የወንዱን ነገር ብዙ ጽፈናል፤ ቀድተው ያመጡለት ግን አብዛኞቹ ስም የላቸውም። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ዕቃው ነው። እንስራው ቢጫ ጀሪካን ሆነ፤ ጀሪካኑ ቀለለ እንጂ ውኃው አልቀለለም፤ 20 ሊትር ዛሬም 20 ኪሎ ነው። የልደታ ነባር ነዋሪዎች የቦኖ ሰልፍን ያውቁታል። ኮንዶሚኒየም ከገቡ ወዲህም ውኃ በፈረቃ ሲመጣ፣ ላይኛው ፎቅ ድረስ ሳይወጣ ሲቀር፣ ጀሪካኑን በደረጃ የሚያወጣው ማን ነው? ቤታችሁን ተመልከቱ። ብዙውን ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ወይም ታላቋ ልጅ። በገጠር ያለችውማ ከምንጭ ስትመለስ የትምህርት ቤት ደወል ያመልጣታል። ኃይሌ ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጥ ክንዱ ደብተር ያዘ፤ የእሷ ጀርባ እንስራ ይዞ ቆየ። እነ ደራርቱ ቱሉና ፋጡማ ሮባ ቢወጡልንም ከምንጭ መንገድ ያልተመለሱልን ስንት ይሆኑ?

ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ ለአንድ እሑድ ጠዋት ይህንን የሸክም ሕግ ይሽረዋል። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ባዶ እጁን ይወጣል፤ ውኃው መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። ሰኞ ግን ሁሉም ወደ ሃይላንዱ ይመለሳል። ከተማዋ በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ከጀመረች ወዲህ በየቦታው እግረኛ መንገድ ሰፍቷል፤ ደስ ይላል። እኔ በምመላለስበት በልደታ መንገድ ግን አላፊ አግዳሚ ጎንበስ ብሎ የሚጠጣበት ቧንቧ አላየሁም። ከሐዲዱ ማዶ አንድ፣ ከሐዲዱ ወዲህ አንድ ቢተከል ሯጩ ጠርሙሱን ቤቱ ትቶ ይወጣል፤ ጀሪካን የያዘችውም ልጅ ደረጃውን ከመጀመሯ በፊት እዚያው አረፍ ብላ ትጠጣለች። ስልኩን እንኳ እንጃ፤ የሚተወው ሰው የሚገኝ አይመስለኝም።