የአሮጌው ቴሌቪዥን ጫጫታ ከወዴት ነው?



ቴሌቪዥን በሀገራችን በ1957 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ ሞገዱ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም ነበር። ከአሶሳ በስተደቡብ፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ ያለችው ቶንጎ ያን ጊዜ ስዕሉ አልደረሳትም። ሞገድ በራቀ ቍጥር ስለሚደክም፣ ደካማውን የሚቀበል መሣሪያ በመስተዋቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያሳያል፤ ሽሽታም ያሰማል።

ይሁን እንጂ ጫጫታ ሁሉ ከርቀት የመጣ አይደለም። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች የሚሠሩት እንደ አምፖል በሚግሉ ቫልቮች ነበር። እነዚህም ዘወትር ሲግሉና ሲበርዱ፣ ከእግራቸው ሥር ያለው የቆርቆሮና የእርሳስ ብየዳ በብዙ ዓመት ይሰነጠቃል።

ስለዚህ ዛሬ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚያድስ ሰው አስቀድሞ የአንቴናውን ሽቦ ይንቀል፤ የሚንጣጣው ድምፅ ካልቆመ ሕመሙን በውስጥ ይፈልግ። የተሰነጠቀውንም ብየዳ ጠርጎ በአዲስ ይተካ። ከመቶ 63 እጅ ቆርቆሮ፣ 37 እጅ እርሳስ ያለበት ብየዳ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ነገር ግን የሚያያዙት ብረቶች አብረው ካልጋሉ ከላይ ቢያምርም አጥብቆ አይዝም።

ከሁሉ በላይ፣ ገመዱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ በስዕሉ ቱቦ ውስጥ በሺህ የሚቈጠር ቮልት ሊቈይ ይችላል። እንግዲህ ያልተማረ እጅ ክዳኑን አይክፈት፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም።