የአንጎል ግንድ ጉድለትና የጨቅላ ሕፃናት ድንገተኛ ሞት በሰሜን ሸዋ ደጋ

አንድ ዓመት ያልሞላው፣ ጤነኛ የሚመስል ሕፃን በተኛበት ሲሞትና የሕመም ታሪኩ፣ የተኛበት ቦታና አስከሬኑ ተመርምረው ምክንያቱ ሲታጣ፣ ሐኪሞች ድንገተኛ የጨቅላ ሕፃናት ሞት ይሉታል። የሚበዛው ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ ነው። በደብረ ብርሃንና በአንኮበር፣ እንደ አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል፣ የሕፃን አስከሬን ብዙውን ጊዜ ሳይመረመር ስለሚቀበር ይህን ስያሜ መስጠት ያስቸግራል። «ተኝቶ ቀረ» ይባላል፤ ወይም «እናቱ ተኝታበት ነው» ተብሎ ጥፋቱ እሷ ላይ ይወድቃል። እርግጥ ሕፃን በእንቅልፍ ልብ ተጭኖ የሚሞትበት ጊዜ አለ፤ ይሁንና ጥርጣሬው ከማስረጃው እየቀደመ ነው። በቦስተን ተመራማሪዋ ሐና ኪኒና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ እንዲህ በሞቱ ሕፃናት የአንጎል ግንድ ታችኛው ክፍል የሴሮቶኒን (መተንፈስንና መንቃትን ለመቆጣጠር የሚረዳ የነርቭ ኬሚካል) መጠን በሌላ ምክንያት ድንገት ከሞቱት በ26 በመቶ አንሶ ተገኝቷል። ለንጽጽር የቀረቡት ሕፃናት ጥቂት መሆናቸው የጥናቱ ድክመት ነው፤ ሆኖም የቡድኑ ቀደምት ሥራዎችም ወደዚያው ያመለክታሉ። ፊቱ በጋቢ የተሸፈነ ሕፃን ያወጣውን አየር መልሶ ይስባል፤ ደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም ጤነኛ የአንጎል ግንድ ያባንነዋል፣ አንገቱን ያዞራል፣ ያለቅሳል። ጉድለት ያለበት ሳይነቃ ይቀራል።

ጉድለቱ ብቻውን ግን አይገድልም፤ አደገኛው ዕድሜና የውጭ ጫና ሊገጥሙት ይገባል። ከጫናዎቹ አንዱ ከፍታ ሊሆን ይችላል፦ በአሜሪካ ኮሎራዶ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ከ2,400 ሜትር በላይ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ አደጋው ከዝቅተኛው ቦታ ከ2 እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኢትዮጵያ ደገኛ ከፍታውን ለምዷል የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል፣ ሰሜን ተራሮች ላይ የተደረገ ጥናትም ይደግፈዋል። ያ ጥናት የለካው ግን የጎልማሶችንና የወጣቶችን ደም እንጂ የጨቅላን መንቃት አይደለም። ሳንባ ምችና ያለጊዜ መወለድ ብዙ ሕፃናት እየገደሉ ስለ ድንገተኛው ሞት ማውራት ቅንጦት ነው ለሚል ደግሞ፣ የእናት ጡትና ከጭስ መራቅ የሳንባ ምችንም የድንገተኛ ሞትንም አደጋ ይቀንሳሉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1994 ሕፃናትን በጀርባ የማስተኛት ዘመቻ ከጀመረች በኋላ ሞቱ ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ደብረ ብርሃን ውርጭ ውስጥ ላለች እናት ልጅሽን ለብቻው አስተኚው ማለት ግን ኑሮዋን አለማወቅ ነው፤ ሙቅ ልብስ አልብሳ በጀርባው ታስተኛው፣ ባናው ከደረቱ አይለፍ።