የአውራ ጣት ምስክርነት

ሰው በሚያውቁት ሰዎች መካከል ሲኖር ማን መሆኑን ለማስረዳት ምስክር አያስፈልገውም፤ ስሙን ጎረቤቱ፥ ትውልዱን ያገር ሽማግሌ ይናገርለታል። ነገር ግን ሕዝብ በዝቶ እንግዳውን ከነዋሪው ለመለየት በማይቻልበት ከተማ፥ ስለ ሰውዬው የሚመሰክረው ወረቀት ይሆናል። ይህ ምስክርነት ከወረቀት ወደ ጣት እንዴት እንደ ተሻገረ ለመረዳት የሆንግ ኮንግን ታሪክ መመልከት ይበቃል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሆንግ ኮንግ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ሳለች፥ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፈጸመበት በ1945 የሕዝቧ ቍጥር 600,000 ያህል ነበር። በቻይና የርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ስደተኛ ስለ ጐረፈባት ግን፥ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 2 ሚሊዮን ተጠጋ። ስለዚህ በ1949 የሕዝብ ምዝገባ ሕግ ወጥቶ፥ ፎቶግራፍና የጣት አሻራ ያለበት የወረቀት መታወቂያ ይታደል ጀመር።

ይህ ወረቀት ምን ያህል ክብደት እንደ ነበረው ከ1974 እስከ 1980 የተሠራበት ደንብ ያስረዳል። ድንበሩን በስውር ያለፈ ሰው በጠረፍ ቢያዝ ወደ መጣበት ይመለስ ነበር፤ ሳይያዝ ከተማ ገብቶ ከዘመዶቹ ከተገናኘ ግን መታወቂያ ተቀብሎ እንዲቀመጥ ይፈቀድለት ነበር። በኦክቶበር 1980 ይህ ደንብ ተሻረ፤ ነዋሪውም መታወቂያውን ከኪሱ እንዳይለይ በሕግ ታዘዘ። ከዚያ ወዲህ በመኖርና በመባረር መካከል የቆመችው ያችው ትንሽ ካርድ ሆነች።

በ1983 በኮምፒዩተር የሚዘጋጅ፥ ለማስመሰል የሚያስቸግር ካርድ ተተካ። በ1997 ግዛቲቱ ለቻይና ከተመለሰች በኋላ፥ በ2003 ቺፕ ያለበት ስማርት መታወቂያ ወጣ፤ ሕዝቡም በልደቱ ዘመን ተራ እየተጠራ እስከ 2007 ድረስ አሮጌውን ለወጠ። ፍሬው የታየው በዲሴምበር 2004 በሎ ዉ ኬላ ነው። መንገደኛው ካርዱን ሲያስገባ የመጀመሪያው በር ይከፈታል፤ ገብቶ አውራ ጣቱን በመስተዋቱ ላይ ያሳርፋል፤ መሣሪያውም አሻራውን በቺፑ ውስጥ ካለው ጋራ አመሳክሮ ሁለተኛውን በር ይከፍትለታል። እንግዲህ የመሣሪያው ጥያቄ «ከሕዝቡ ሁሉ አንተ ማነህ?» የሚል ሳይሆን፥ «ይህ ካርድ ያንተ ነውን?» የሚል ነው።

በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ካርዱ ሲታቀድ ለቤተ መጻሕፍትና ለመንጃ ፈቃድም ጭምር ያገልግል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ብዙዎች ግን የሰው ኑሮ ሁሉ ባንድ ካርድ እንዳይታሰር ሠግተው ተከራከሩ። በዚህም የቤተ መጻሕፍቱ አገልግሎት ለባለቤቱ ፈቃድ ተተወ፤ የመንጃ ፈቃዱም ሐሳብ ከሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። በኖቬምበር 2018 ደግሞ አዲስ ካርድ መሰጠት ጀመረ፤ የፊትን መልክ ማመሳከርም ታከለበት።

ፍጥነቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ነገር ግን ሁለት ነገር መዘንጋት የለበትም። የጠፋ ወረቀት ይተካል፥ የተሰረቀ ቍጥር ይለወጣል፤ አውራ ጣት ግን ምትክ የለውም። እንደዚሁም ድንጋይ ሲፈልጥና አፈር ሲቈፍር የኖረ ሠራተኛ የጣቱ መሥመር ስለሚፋቅ፥ መሣሪያው ሊያውቀው ይሳነዋል። ይህ ሰው ጥፋቱ መሥራቱ ብቻ ነው። ስለዚህ በሩ በራሱ በሚከፈትበት ኬላም ቢሆን፥ ሰውን በሰው ዓይን የሚመለከት ሹም ከወንበሩ መታጣት የለበትም።