የአንጎል ሞገድና የሰው ንቃት

ሰው ነቅቶ ሲያስብ በአንጎሉ ውስጥ ምን ይደረጋል? ይህ ጥያቄ በመሣሪያ ሊመረመር የቻለው ሐንስ በርገር በሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ድካም ነው። (ዓመታቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በርገር በወጣትነቱ ወታደር ሳለ ከፈረስ ወድቆ ከመድፍ ሠረገላ ጎማ ለጥቂት ተረፈ። በዚያው ቀን ደኅንነቱን የሚጠይቅ ቴሌግራም ከአባቱ ደረሰው፤ ለካ በሩቅ ያለችው እኅቱ ልቧ ፈርቶ አባትዋን ወትውታ ያስላከችው ኖሮአል። እርሱም ሐሳብ ከሰው ወደ ሰው የሚያልፍበት ኀይል አለ ብሎ አመነ፤ ሲፈልገውም ብዙ ዘመን ኖረ። ያን ኀይል አላገኘም፤ ያገኘው ሌላ ነው።

በየና ከተማ ሳለ በ1924 ከሰው አንጎል የሚወጣውን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመመዝገብ ቻለ። ስሕተት እንዳይሆን ፈርቶ 5 ዓመት ቆይቶ በ1929 አሳተመው። በገዛ ልጁ በክላውስ ላይ ሳይቀር ሞክሮታል።

ሰውየው ዓይኑን ከድኖ ዘና ብሎ ሲቀመጥ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል የሚመላለስ ትልቅ፥ ሥርዓት ያለው ሞገድ ይታያል፤ በርገር አልፋ አለው። ዓይኑን ሲገልጥ ወይም በቃሉ ሒሳብ ሲያሰላ ግን ይህ ይደክምና ፈጣንና ትንንሽ የሆነው ቤታ ይተካዋል። መምህሮቻችን ይህ መሣሪያ በክፍል ቢኖራቸው ለስንቶቻችን ክፉ ነበር!

እኔ የጠበቅሁት ተቃራኒውን ነበር፤ ብዙ ሲታሰብ ሞገዱ የሚያድግ መስሎኝ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፤ በሠርግ ቤት እድምተኛው ሁሉ በአንድ ምት ሲያጨበጭብ ከሩቅ ይሰማል፤ እያንዳንዱ ወደየሥራው ሲበተን ግን ከውጭ የሚሰማው ጉምጉምታ ብቻ ነው። የአንጎል ሕዋሳትም አንድ ላይ ሲመቱ ሞገዱ ይገዝፋል፤ በየተግባራቸው ሲሠማሩ ያንሳል። ከባድ እንቅልፍ ሲመጣ ደግሞ ሞገዱ እጅግ ይዘገያል፥ ቁመቱም ይጨምራል።

ብዙ ሊቃውንት በርገርን አላመኑትም ነበር። በ1934 ግን በካምብሪጅ አድሪያንና ማቲውስ ሙከራውን ደግመው እውነተኛነቱን መሰከሩ፤ አድሪያን በ1932 የኖቤል ሽልማት የተቀበለ ሰው ስለ ነበር ቃሉ ተሰማ።

በርገር በ1941 ሞተ። ከዚያ በኋላ በ1953 አሴሪንስኪና ክላይትማን በቺካጎ ሆነው የተኙ ሰዎችን ሲመረምሩ፥ ዓይናቸው ከሽፋሽፍታቸው ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበት ጊዜ እንዳለ አገኙ። ያን ጊዜ የአንጎላቸው ሞገድ የነቃ ሰው ይመስላል፤ ሲቀሰቀሱም አብዛኞቹ ሕልም እያየን ነበር አሉ።