የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዘርፍ

የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዘርፍ የቴሌኮም አገልግሎትን፣ የሶፍትዌር ሥራን፣ ዲጂታል ክፍያን፣ የመረጃ ማዕከላትንና በእነዚህ ላይ የተመሠረቱ የመንግሥትና የግል አገልግሎቶችን ያጠቃልላል። መሠረተ ልማቱ ለረጅም ጊዜ የተገነባው በመንግሥት እጅ ብቻ ሲሆን የግል የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ጎልተው መታየት የጀመሩት ከ2011 ወዲህ ነው። የዘርፉ ዋና ጥያቄ የኔትወርኩ መዘርጋት ብቻ ሳይሆን ኔትወርኩ ሳይቋረጥ መሥራቱና ከአዲስ አበባ ውጭ ላለው ሕዝብ ሥራና ገበያ መፍጠሩ ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መነሻ

በኢትዮጵያ ስልክ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890ዎቹ ነው። የመጀመሪያው ረጅም መስመር አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘ ሲሆን ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የቀረበው ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1997፣ በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት ነው። የሞባይል ስልክ ደግሞ በ1999 ተጀመረ። ኮርፖሬሽኑ ብቸኛ አቅራቢ በመሆኑ የዋጋውም ሆነ የስርጭቱ ውሳኔ የመንግሥት ነበር።

የግዕዝ ፊደልና ኮምፒውተር

የአገር ውስጥ ሶፍትዌር ሥራ ከተጀመረባቸው ጉዳዮች አንዱ ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደላት ከኮምፒውተር ቁልፎች ቁጥር በብዙ ስለሚበልጡ አንድን ፊደል ለመጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁልፎችን ማጣመር ያስፈልጋል። በ1980ዎቹ ፍስሐ አጥላው በአሜሪካ በመሠረቱት ዳሸን ኢንጂነሪንግ አማካይነት ከቀደምቶቹ የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራሞች አንዱን አዘጋጅተዋል። ከዚያ በኋላ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች በመሥሪያ ቤቶችና በማተሚያ ቤቶች ተለመዱ። ሆኖም እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ስለሚሰጥ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ይሆን ነበር።

ይህ ችግር መፈታት የጀመረው በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 ዕትም የግዕዝ ፊደል ሲካተት ነው። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ቁጥር ይሰጣል። በአማርኛ መልእክት መላላክ፣ በአማርኛ መፈለግና የመረጃ ቋት ማደራጀት በዚህ ላይ ይመሠረታሉ። ጉግል ትርጉም አማርኛን የጨመረው በ2016 ነው።

የኔትወርክ ዝርጋታ

ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ መንግሥት ሁለት ትልልቅ ፕሮጀክቶችን አካሂዷል። ወረዳ ኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ከክልልና ከፌደራል መሥሪያ ቤቶች ጋር በቪዲዮ ስብሰባና በመረጃ ለማገናኘት የታቀደ ነበር። ስኩል ኔት ደግሞ በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አደረሰ። ተማሪዎች ይህን ትምህርት የሚያውቁት «ፕላዝማ» በሚለው ስሙ ነው። መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ይቋረጣል፣ የእንግሊዝኛ ትምህርቱ ለብዙ ተማሪዎች ይፈጥናል፣ መምህሩም ተመልካች ይሆናል የሚሉ ትችቶች ቀርበውበታል።

የቴሌኮም ማስፋፊያው በቻይና ብድር የተካሄደ ነው። በ2006 ከዜድቲኢ ጋር የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተፈረመ። በ2013 ደግሞ ሁዋዌና ዜድቲኢ በድምሩ 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣውን ሥራ ተካፈሉ። በመካከሉ፣ በ2010 መጨረሻ፣ ኮርፖሬሽኑ ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ እንደገና ተቋቋመ፤ አስተዳደሩም ለተወሰነ ጊዜ ለፍራንስ ቴሌኮም በኮንትራት ተሰጠ። የአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ በ2015 በአዲስ አበባ ተጀምሯል።

ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ከባሕር ሥር ከሚያልፉ የኢንተርኔት ኬብሎች ጋር የምትገናኘው በጎረቤት አገሮች፣ ማለትም በጅቡቲ፣ በሱዳንና በኬንያ በኩል ነው። በመሆኑም የጎረቤቶች ሰላምና የሚጠይቁት የመተላለፊያ ዋጋ በአገር ውስጥ ኢንተርኔት ላይ ተጽእኖ አላቸው።

የገበያው መከፈት

በ2019 የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ አካል፣ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን፣ አቋቋመ። በ2021 በሳፋሪኮም የሚመራ የኩባንያዎች ጥምረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ሁለተኛውን የቴሌኮም ፈቃድ ገዛ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በጥቅምት 2022 አገልግሎቱን በይፋ ጀመረ። በዚህም ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው የመንግሥት ብቸኛ አቅራቢነት አበቃ። በጥቅምት 2024 ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለኢትዮጵያውያን ለሽያጭ ያቀረበ ሲሆን ግዢው የሚፈጸመው በቴሌብር ነበር።

መንግሥት በ2020 ያጸደቀው «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂ ዘርፉን ከግብርና፣ ከማኑፋክቸሪንግ፣ ከቱሪዝምና ከአይቲ አገልግሎት ጋር አያይዞ ያቀደ ነበር። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ በ2020፣ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ በ2023፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ በ2024 ወጥተዋል።

ዲጂታል ክፍያና መታወቂያ

በሞባይል ገንዘብ መላላክ በኤምብር፣ በሄሎ ካሽና በሲቢኢ ብር ቀድሞ ተጀምሮ ነበር። በስፋት ሕዝብ ዘንድ የደረሰው ግን በግንቦት 2021 በተጀመረው የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር ነው። በ2024 አጋማሽ የቴሌብር ደንበኞች ከ47 ሚሊዮን በላይ እንደሆኑ ኩባንያው አስታውቋል። የሳፋሪኮም ኤምፔሳ በነሐሴ 2023 ሥራ ጀምሯል። ቴሌብር ተራ ስልክ ባላቸው ሰዎች በአጭር ቁጥር ስለሚሠራ ዘመናዊ ስልክን የግድ አይጠይቅም።

ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ የጣት አሻራን፣ የዓይን ብሌንንና ፎቶን በመመዝገብ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጣል። የተገነባው በህንድ በተዘጋጀው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው።

ኩባንያዎች

በ2011 በአዲስ አበባ የተከፈተው አይስአዲስ ለጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የሥራ ቦታና ድጋፍ በመስጠት ቀዳሚ ነው። በ2013 የተመሠረተው አይኮግ ላብስ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ የሚሠራ ሲሆን ሶፊያ በተባለችው ሮቦት ሶፍትዌር ሥራ ተሳትፏል። በ2016 የተቋቋመው ገበያ የአፍሪካ ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ከቀጣሪዎች ጋር ያገናኛል። ሳምራዊት ፍቅሩ በመሠረቱት ሃይብሪድ ዲዛይንስ የተሠራው ራይድ የታክሲ መጥሪያ አገልግሎትን በአዲስ አበባ አስለምዷል። በአይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ዊንጉ፣ ራክሲዮና ሬድፎክስ ያሉ የግል የመረጃ ማዕከላት ይሠራሉ።

ኩባንያዎቹን ከሚያስቸግሯቸው ነገሮች አንዱ የውጭ ክፍያ ነው። ብር በውጭ አገር ስለማይመነዘርና የውጭ ምንዛሪ ለረጅም ጊዜ በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ስለቆየ፣ ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ፕሮግራመር ሥራውን በኢንተርኔት ቢልክም ገንዘቡን በቀላሉ መቀበል አይችልም ነበር። ለሰርቨር ኪራይ በዶላር መክፈልም እንዲሁ አስቸጋሪ ነው። በሐምሌ 2024 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ሁኔታውን መለወጥ ጀምሯል።

የሰው ኃይል

ከ2008 ገደማ ጀምሮ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከሚቀበሏቸው ተማሪዎች 70 በመቶውን በተፈጥሮ ሳይንስና በቴክኖሎጂ መስኮች እንዲመድቡ ተደርጓል። የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎችን ጨምሮ በርካታ ተቋማት በኮምፒውተር ሳይንስና በተዛማጅ መስኮች ያስመርቃሉ። የሶፍትዌር ኩባንያዎች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ በመሆኑ በክልል የተመረቀ ወጣት ሥራ ፍለጋ ወደዚያው መሄድ ወይም ሙያውን መለወጥ ይገደዳል። በሐምሌ 2024 ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» ሥልጠና በኢንተርኔት የሚሰጥ ስለሆነ በመርህ ደረጃ ከየትኛውም ቦታ ሊወሰድ ይችላል፤ በተግባር ግን መብራትና ኔትወርክ ባለበት ይወሰናል።

በሰሜን ምዕራብ ቆላ

የዘርፉ ጥቅምና ድክመት ከዋና ከተማው ርቆ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። የታች አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ ሳንጃ፣ እንዲሁም በሱዳን ድንበር ላይ ያለችው መተማ፣ ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ በሚመረትበት ቆላ ውስጥ ይገኛሉ። በሚያዝያ 2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን ከቡና ጋር ከሚያገበያያቸው ዋና ዋና ምርቶች አንዱ አድርጓል። ምርቱ በአካባቢው መጋዘኖች ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት ገቢ ይሆናል፤ ሻጩ በደረሰኝ ባለቤትነቱን ያረጋግጣል፤ ግብይቱ ደግሞ መጀመሪያ ላይ በአዲስ አበባ ይፈጸም ነበር። ከ2015 ጀምሮ በጩኸትና በእጅ መማታት ይካሄድ የነበረው ግብይት በኤሌክትሮኒክ ሥርዓት መተካት ጀምሯል።

ለገበሬው ትልቁ ለውጥ ዋጋን ማወቁ ነው። የምርት ገበያው የዕለቱን ዋጋ በአጭር መልእክት፣ በሬዲዮና በ929 የስልክ መስመር በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች ያሳውቃል። ቀድሞ ገበሬው የአዲስ አበባን ዋጋ የሚሰማው ምርቱን ሊገዛው ከመጣው ነጋዴ አፍ ነበር። በ2014 የተጀመረው 8028 የስልክ መስመርም የእርሻ ምክር በአገር ውስጥ ቋንቋዎች ይሰጣል። ሁለቱም መስመሮች በተራ ስልክ የሚሠሩ ናቸው።

በአካባቢው አጠራር ሳሉግ የሚባሉት፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች፣ ያገኙትን ገንዘብ ኪሳቸው ይዘው ረጅም መንገድ ከመጓዝ ይልቅ በሞባይል ወደ ቤተሰባቸው ለመላክ የሚያስችል ዕድል አግኝተዋል። ይህ የሚሆነው ግን ኔትወርክ ሲኖርና በሁለቱም ጫፍ ጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ ወኪል ሲገኝ ነው።

የኢንተርኔት መቋረጥ

ኢንተርኔት በመንግሥት ውሳኔ በተደጋጋሚ ተቋርጧል። በሰኔ 2019 በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ባለሥልጣናት ከተገደሉ በኋላ በመላ አገሪቱ ተዘግቶ ነበር። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በሰኔ 2020 መጨረሻ ከተገደለ በኋላ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጧል። በትግራይ ከኅዳር 2020 ጀምሮ በጦርነቱ ዘመን ስልክም ኢንተርኔትም ጠፍተው ነበር። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በነሐሴ 2023 ተዘግቶ በተለያዩ ከተሞች መመለስ የጀመረው በሐምሌ 2024 ነው።

መንግሥት እርምጃውን ከጸጥታ ጋር ያያይዘዋል። የመብት ተሟጋቾችና የንግድ ማኅበረሰቡ ደግሞ ጉዳቱ ፖለቲካዊ ብቻ እንዳልሆነ ይናገራሉ። ክፍያ፣ የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ፣ የባንክ አገልግሎትና በርቀት የሚሠራ ሥራ ወደ ኢንተርኔት በገቡ መጠን የአንድ ቀን መቋረጥ የሚያስከትለው ኪሳራ ይጨምራል። ለውጭ ደንበኛ በቀነ ገደብ የሚሠራ ሰው ግንኙነቱ ሲቋረጥ ደንበኛውንም ሊያጣ ይችላል።

ከኤስቶኒያ ጋር ሲነጻጸር

በቴክኖሎጂ ስላደጉ ትንንሽ አገሮች ሲወራ በምሳሌነት የምትጠቀሰው ከሶቪየት ኅብረት በ1991 ነጻ የወጣችው ኤስቶኒያ ናት። አገሪቱ በ1996 «የነብር ዝላይ» በተባለ መርሐ ግብር ትምህርት ቤቶችን በኮምፒውተርና በኢንተርኔት ማገናኘት ጀመረች። በ2001 የመንግሥት የመረጃ ቋቶችን የሚያገናኘውን ኤክስ-ሮድን አስጀመረች፤ በ2002 ዲጂታል መታወቂያ አደለች። ሶፍትዌሩን የኤስቶኒያ ፕሮግራመሮች የጻፉት ስካይፕ በ2003 ወጥቶ በ2005 ለኢቤይ ተሸጧል፤ ከዚያ የተገኘው ገንዘብና ልምድም ሌሎች ኩባንያዎችን አስነሥቷል።

በኤስቶኒያ ትምህርት ቤትና መታወቂያ ቀድመው ገቡ፤ ትልልቅ ኩባንያዎች ኋላ መጡ። በኢትዮጵያ ደግሞ የሞባይል ክፍያ ከመታወቂያው በፊት ተስፋፍቷል። የአገሮቹ መጠንም ይለያያል፤ ኤስቶኒያ 1.3 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲኖራት ኢትዮጵያ ከ120 ሚሊዮን በላይ አላት። በ2024 መጀመሪያ በኢትዮጵያ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ከሕዝቡ አንድ አምስተኛው ያህል ሲሆን፣ ከሕዝቡ ግማሽ ለሚጠጋው ደግሞ መብራት አልደረሰም። ስለዚህ የኤስቶኒያ መንገድ እንዳለ ሊቀዳ አይችልም፤ በሁለቱም አገሮች የጋራ የሆነው አገልግሎቱ በየቀኑ ያለማቋረጥ የሚሠራ መሆኑን ሕዝቡ ሲያምን ብቻ የሚጠቀምበት መሆኑ ነው።