«ኩል» ወይስ «ርጉ»

በአሰላ ጎዳና ከወጣቶች አንደበት ዘወትር የሚሰማው «ኩል ነው» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሙሽራ ዐይኗን ከምትኳልበት ኩል ጋር በድምፅ መገጣጠሙ ሳያንስ፣ ይባስ ብሎ «ቀዝቃዛ ልጅ» እየተባለ ለምስጋና መተርጐሙ፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደውን ነፋስ በጋቢ ለሚመክት ደገኛ ከስድብ የሚለይ አይደለም። በልሳናችን ቀዝቃዛ ሰው ማለት ፍቅርም ትጋትም የጎደለው ነው፤ ገበያም ገዢ ሲያጣ ቀዘቀዘ ይባላል።

 የእንግሊዝኛው ቃል እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በጥቁር አሜሪካውያን የጃዝ ሙዚቀኞች ዘንድ ገንኖ፣ ቁጣና መከራ የማያናውጠውን ሰው ሲያመሰግን ከቆየ በኋላ ለመልካም ነገር ሁሉ ተበተነ። ተቃራኒው «ሆት» ደግሞ እንዲሁ ምስጋና መሆኑ ያስቃል፤ እኛ «ሞቅ ብሎታል» የምንለው ጠጅ የቀመሰውን ነው።

ሆኖም ብርድ በእኛም ዘንድ ሁልጊዜ ነቀፋ አይደለም። በአማርኛው «በረደ» ቁጣም ጠብም ይበርዳል፤ በራእየ ዮሐንስ ምዕራፍ 3 የሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን የተወቀሰችው ትኩስም በራድም ባለመሆኗ ነው፤ የአርሲ ሰው በኦሮምኛ «ቀበና» ሲልም ቅዝቃዜንም መረጋጋትንም አንድ ላይ ይይዛል። ስለዚህ «በራድ» ይሁን የሚል ቢነሣ አልቀየመውም፤ ነገር ግን ከተሜው በራድ ሲባል የሚታየው ሻይ የሚፈላበት ዕቃ ነው። ሌላው አማራጭ፣ ከዐረብኛ የመጣው «አሪፍ»ም፣ ጫማውንም ምሳውንም ሰውየውንም ሳይለይ የሚያወድስ ቃል ነው።

እኔ የምመርጠው «ርጉ» የሚለውን ነው። ሥሩ ረግዐ የሚለው የግእዝ ግስ ሲሆን፣ የተናወጠው ጸጥ ማለቱን፣ ፈሳሹም መጽናቱን ያመለክታል፤ በወተት በታወቀችው አርሲ በየቤቱ የሚቀርበው እርጎም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና የ10,000 ሜትር ሩጫ፣ የደቡብ አፍሪካዋን ኤላና ማየርን ብዙ ዙር ከኋላ ተከትላ፣ «ምሪ» የሚለውን ፈተና እንቢ ብላ፣ በመጨረሻው ዙር ተፈትልካ ስታሸንፍና ለጥቁር አፍሪካውያት የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ወርቅ ስታስገኝ፣ ቀዝቃዛ ነበረች የሚል ማን ነው? ርጉ ነበረች።

ለጫማና ለምሳ «አሪፍ» ይበቃል፤ ቋንቋ የምታስተምሩና ለጋዜጣ የምትጽፉ ግን ሰውን ስታመሰግኑ «ርጉ» በሉ።